ግራ ጡቴን ለምን እንቢ አለ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ስለ አንገት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ያጎነበሰ ሰው አንገት እንዳይመስላችሁ፣ የሕፃን አንገት ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ወገባችሁን ያላችሁ ለሚቀጥለው ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ወንድ ነው፣ የመጀመሪያዬ ነው፣ 7 ሳምንት ሞላው። በመቀመጫው ስለመጣ በኦፕራሲዮን ነው የተገላገልኩት። ሲተኛ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ግራ ያዞራል፣ ጭንቅላቱ ደግሞ ወደ ቀኝ ትከሻው ጋደል ይላል። የክርስትናውን ፎቶዎች ሳያቸው በሁሉም ላይ እንደዚያው ነው። ቀኝ ጡቴን ደህና አድርጎ ይጠባል፤ ግራውን ስሰጠው ይነጫነጫል፣ ይለቀዋል፣ ያለቅሳል። እናቴ «ብርድ መትቶሽ ነው፣ ወተቱ ቀዝቅዞበት ነው» ትላለች። ባለፈው ሳምንት ሳጥበው አንገቱ ላይ በቀኝ በኩል ጠጠር ያለ እብጠት ዳሰስኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጎረቤታችን ጎበዝ ወጌሻ አውቃለሁ ትላለች፤ እናቴ ደግሞ አንገቱ ሲጠና በራሱ ይስተካከላል ባይ ናት። የማንን ልስማ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ እብጠቱ ልንገርሽና ትንሽ ተኚ።

አንገታችን ላይ በግራም በቀኝም ከጆሮ ጀርባ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ደረት አጥንት የሚወርድ ጡንቻ አለ። መስታወት ፊት ቆመሽ ፊትሽን ወደ ግራ ብታዞሪ የቀኙ ገመድ መስሎ ብቅ ሲል ታዪዋለሽ። ልጅሽ ላይ ይኸው የቀኙ ጡንቻ ያጠረ ይመስላል። ይህ ጡንቻ ሲያጥር ሁለት ነገር አንድ ላይ ያደርጋል፤ ጭንቅላትን ወደ ራሱ ጎን ይስባል፣ ፊትን ወደ ሌላው ጎን ያዞራል። የጻፍሽልኝ ቁርጥ ይኸው ነው። ሐኪሞች ቶርቲኮሊስ ይሉታል። እብጠቱም ብዙውን ጊዜ እዚያው ጡንቻ ውስጥ የተሠራ ጠባሳ መሰል ነገር ነው። ከተወለደ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ብቅ ይላል፣ የባቄላ ፍሬ ያክላል፣ ከዚያ በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ይጠፋል። ካንሰር አይደለም። ግን እኔ በደብዳቤ ላረጋግጥልሽ አልችልም፣ የሕፃናት ሐኪም በእጁ ይዳስሰው። አልትራሳውንድ ካዘዘልሽ አትፍሪ፤ አያምም፣ ጨረርም የለውም።

አሁን ወደ ጡቱ። ደብዳቤሽን ሳነብ ፈገግ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። እናትሽ ወተትሽን ትወቅሳለች፣ ልጁ ግን ስለ አንገቱ ነው የሚነግራችሁ። በክንድሽ አቅፈሽ ግራ ጡትሽን ስትሰጪው ፊቱን ወደ ቀኝ ማዞር አለበት፣ ለእሱ ደግሞ ከባዱ እሱ ነው። ቀኙን ስትሰጪው ወደ ግራ ይዞራል፣ እሱ ይቀለዋል። በቃ። ወተቱ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ግራውን አትተዪበት። ሲርበው ቀድመሽ እሱን ስጪው፣ መላ ሰውነቱን ወደ አንቺ አዙረሽ ሆዱን ከሆድሽ አጋጥመሽ ጀምሪለት። እየለመደ ሲሄድ አንገቱ ራሱ ሥራውን ይሠራል። በቀን ስንት ጊዜ ነው የምታጠቢው? ስምንት? አሥር? ያን ሁሉ ጊዜ ሕክምና አደረግሽው ማለት ነው።

ስለ መጠበቅ። እናትሽን አከብራለሁ፣ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። የአሜሪካ የሕፃናት ፊዚዮቴራፒስቶች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት መመሪያ ላይ የሰፈረውን ልንገርሽ፦ ልጁ አንድ ወር ሳይሞላው የአንገቱ ሕክምና ከተጀመረ ከ100 ሕፃናት 98ቱ አንገታቸው በአንድ ወር ተኩል ገደማ ወደ ጤናማው ይመለሳል። ከአንድ ወር በኋላ ከተጀመረ ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። ከስድስት ወር በኋላ ከሆነ ደግሞ ዘጠኝና አሥር ወር ሊወስድ ይችላል። ያው አንገት፣ ያው እንቅስቃሴ ነው፤ የሚለየው የተጀመረበት ቀን ነው። አንቺ ገና ሰባተኛ ሳምንት ላይ ነሽ፣ ጥሩ ጊዜ ላይ ነሽ። የ45 ቀን ክትባቱን ስታስከትቢ አሳይተሽው ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር፣ ካለፈ ግን ቀጣዩን አትጠብቂ፣ በዚህ ሳምንት ሂጂ።

ወጌሻውን ተዪው። እኔም ልጅ ሆኜ እግሬ ወለም ሲለኝ ወጌሻ ቤት ተወስጃለሁ፣ ቡናም ጠጥተን ተመልሰናል። የሕፃን አንገት ግን ወለምታ አይደለም። ጠምዝዞ ቀጭ የሚያደርግ እጅ የሕፃን አንገት ላይ ማረፍ የለበትም፣ ጎበዝ ቢባልም።

ፊዚዮቴራፒስት ጋ ስትሄጂ የምታዪውን ልንገርሽ፣ ከበር እንዳትመለሺ። ልጁ ጀርባው ላይ ይተኛል። አንቺ (እኔ ሁልጊዜ እናቲቱን ነው የማሠራው) በአንድ እጅሽ የቀኝ ትከሻውን ወደ ላይ እንዳይነሳ በቀስታ ትይዢያለሽ። በሌላው እጅሽ ጭንቅላቱን ከኋላ አቅፈሽ ግራ ጆሮው ወደ ግራ ትከሻው እንዲሄድ ታጋድይዋለሽ። ትንሽ ሄዶ ያዝ ያደርግሻል። እዚያው ላይ ትቆያለሽ፣ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ፣ አንድ አጭር እሹሩሩ የሚያህል። ከዚያ ትለቂያለሽ። ሁለተኛው ደግሞ አገጩን ወደ ቀኝ ትከሻው ማዞር ነው። ካለቀሰ፣ ከገፋሽ፣ ትንፋሹ ወይም የፊቱ ቀለም ከተለወጠ ወዲያው ተዪው። ታግሎ የሚሳብ ጡንቻ አይረዝምም፣ ልጁም እጅሽን መፍራት ይጀምራል። ደግሞ ገና ቅቤ የተቀባ ልጅ ላይ አትሞክሪው፤ ያንሸራትታል። ቅቤውን አልከለከልኩም፣ ከሥራው በኋላ አድርጊው።

ይህን በጽሑፍ አንብበሽ ብቻሽን አትጀምሪ። አንድ ጊዜ ባለሙያ እጅሽን ይዞ ያሳይሽ፣ የትኛው ጎን እንደሆነ ሳይረጋገጥ መሳብ ስህተት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ዛሬ ማታ መጀመር የምትችይው ብዙ ነገር አለ፣ እውነቱን ለመናገር ትልቁ ሕክምናም እሱ ነው። እኛ በሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት እናየዋለን፤ የቀረው ጊዜ ሁሉ ያንቺ ነው።

አልጋው ግድግዳ ጋ ተለጥፎ ከሆነ ልጁ ግድግዳውን ትቶ በሩን፣ መብራቱን፣ አንቺን ነው የሚያየው። ስለዚህ በሩም መብራቱም አንቺም በቀኙ እንድትሆኑ አዙሪና አስተኚው። ዳይፐር ስትቀይሪ በቀኙ በኩል ቁሚ። እናትሽ ሲያጫውቱት በቀኙ ይቀመጡ፣ ድምፃቸውን ይስማና ፊቱን ያዙር። ቡና ሲፈላ ምንጣፍ ላይ በሆዱ አስተኚው (ከከሰሉ ራቅ አድርገሽ)፣ የሚያወራው ሰው በቀኙ ይሁን። ሲነቃ ብቻ ነው በሆዱ፣ ሲተኛ ሁልጊዜ በጀርባው። ስትሸከሚው ደግሞ አንዳንዴ በቀኝ ጎኑ ክንድሽ ላይ አጋድመሽ፣ ፊቱ ወደ ውጭ፣ ክንድሽ በቀኝ ጆሮውና በትከሻው መካከል ሆኖ ጭንቅላቱን ወደ ላይ እንዲደግፍ አድርገሽ ያዢው። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትይ አንገቱ እየተሳበ ነው፣ እሱ ግን ሽርሽር ይመስለዋል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ብዙ ሰው የማያየው። በቀኝ አንገቱ እጥፋት ውስጥ ግቢና እዪ። ጭንቅላቱ ስለተጫነው እዚያ ወተት ይጠራቀማል፣ ቆዳው ይቀላል፣ አንዳንዴ ይሸታል። በለብ ያለ ውሃ እያጠብሽ በደንብ አድርቂው።

ሐኪሙ ዳሌውንም እንዲያይልሽ ጠይቂ። አትርሺው እባክሽ። አንገታቸው የታሰረ ሕፃናት ላይ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርም አብሮ ሊኖር ይችላል፤ ልጅሽ ደግሞ በመቀመጫው የመጣ ስለሆነ ለዳሌው ብቻ እንኳ መታየት ነበረበት። እጆቹንም እዪ፤ አንዱ እጁ እንደ ሌላው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ትኩሳት ካለው፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ወይም ደህና የነበረ አንገት በድንገት ከተጣመመ ፊዚዮቴራፒ አይደለም የሚያስፈልገው፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሴት ልጄ 5 ወሯ ነው። አንገቷ ጠንክሯል ተብለን ፊዚዮቴራፒ ጀምረናል። አሁን ደግሞ ጭንቅላቷ ከኋላ በቀኝ በኩል ጠፍጣፋ ሆኗል። የጭንቅላቷን ቅርጽ የሚያስተካክል ሄልሜት ይደረግላት አሉን፣ ዋጋው አስደነገጠን፣ ኢንሹራንሱም ገና አልመለሰም። አማቴ ከአገር ቤት ደውለው መሀሉ ጎድጎድ ያለ ትራስ ግዙላት አሉ፣ ኦንላይን አይቼዋለሁ። በሆዷ ሳስተኛት ደግሞ እሪ ነው የምትለው። ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ትራሱን አትግዢ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ራሱ ወላጆችን ያስጠነቀቀው ስለ እነዚህ ጭንቅላት ያስተካክላሉ ስለሚባሉ ትራሶች ነው፤ ትንፋሽ ሊያፍኑ ይችላሉ፣ ጥቅማቸውም አልታየም። ለአማትሽ ዶክተሯ ከለከለች በያቸው፣ ነገር አታብዢ።

ጭንቅላቷ ለምን ጠፈጠፈ? አንገቷ ወደ ቀኝ ብቻ ስለሚዞር በዚያው ጎን ተኝታ ነው የከረመችው። የሕፃን ራስ ቅል ገና ለስላሳ ነው፣ የተኙበትን ቅርጽ ይይዛል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሕፃናት በጀርባቸው ይተኙ መባል ሲጀመር በእንቅልፍ ላይ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል፣ ጠፍጣፋ ጭንቅላት ደግሞ በዝቷል። ይህን ስል በሆዷ አስተኛት ማለቴ አይደለም! ጠፍጣፋ ጭንቅላት ይስተካከላል።

ሄልሜቱ ላይ ባለሙያዎችም አንድ ሐሳብ የላቸውም። ሆላንድ ውስጥ 84 ሕፃናትን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን ሄልሜት አድርገውላቸው ግማሹን ዝም ብለው ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም፣ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ይህን ይዘሽ ግን ሐኪምሽ ጋ ለክርክር አትሂጂ፤ በዚያ ጥናት ውስጥ እንዳንቺ ልጅ አንገታቸው የታሰረና ጭንቅላታቸው በጣም የተጎዳ ሕፃናት አልተካተቱም። እኔ ብሆን ሦስት ጥያቄ እጠይቅ ነበር። ደረጃው መካከለኛ ነው ወይስ ከባድ? የራስ ቅሉ ስፌቶች (አጥንቶቹ የሚገጣጠሙባቸው መስመሮች) ያለጊዜያቸው አለመዘጋታቸው ታይቷል? ስድስትና ስምንት ሳምንት አንገቱ ላይ በርትተን ሠርተን እንደገና ብትለኩልንስ? ከባድ ነው ካሏችሁ አትቆዩ፣ ሄልሜት የሚሠራው ጭንቅላት በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ ነው፣ ልጅ ዓመት ከሞላው በኋላ ብዙም አይጠቅምም። በቀን 23 ሰዓት ይደረጋል፣ በበጋ ያልባል፣ ይሸታል፣ ይህንንም አስቡት። ደግሞ ሄልሜት አንገት አይፈታም። ብታደርጉላትም ባታደርጉላትም ፊዚዮቴራፒው ይቀጥላል።

ስለ እሪታዋ። ወለል ላይ ለ15 ደቂቃ አስተኝተሻት ሰዓት እያየሽ ከሆነ እኔም አለቅሳለሁ። ዳይፐር በቀየርሽ ቁጥር አንድ ደቂቃ ብቻ በሆዷ አዙሪያት። ወይም ሶፋው ላይ ጋደም በይና ደረትሽ ላይ በሆዷ አስተኛት፣ ፊትሽን ለማየት ስትል ጭንቅላቷን ታነሳለች። ፎጣ ጠቅልለሽ ከብብቷ ሥር ብታደርጊላትም ይቀላታል። አንቺም ወለሉ ላይ ተኝተሽ ዓይን ለዓይን ተያዪ። ከካርሲትና ከመወዛወዣው ወንበር ደግሞ ቶሎ ቶሎ አውጫት፤ መኪና ውስጥ ግድ ነው፣ ቤት ገብታችሁ ግን እዚያው እንደተኛች አትተዋት።

የገንዘቡን ነገር በተመለከተ፦ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በየግዛቱ የመንግሥት ፕሮግራም አለ። እናንተ ጋ የሜሪላንድ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ፕሮግራም ይባላል፣ በየካውንቲው ነው። ሐኪም እስኪልክሽ አትጠብቂ፣ ራስሽ መደወል ትችያለሽ። ምርመራው በነፃ ነው፣ ስትደውዪ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። ብዙ ሐበሻ ይህን ሳያውቅ ከኪሱ ሲከፍል አያለሁና ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ እኔ አባት ነኝ፣ ሶዶ ነው የምኖረው። ልጄ 1 ዓመት ከ3 ወሯ ነው። መራመድ ከጀመረች በኋላ ነው አንገቷ ወደ ግራ የተጋደለ መሆኑ ጎልቶ የታየን። ሕፃን እያለች ስናሳያት «ይተዋታል» ተብለን ነበር። አሁን አንድ ዘመዴ ኦፕራሲዮን ነው የሚያድናት አለኝ። ዘገየን ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዘግይታችኋል፣ ግን አልመሸም። ይተዋታል ያላችሁ ሰው ላይ አሁን ብትናደድ ምንም አይፈይድም፣ ጉልበትህን ለሥራው አስቀምጠው።

በመጀመሪያ ስልክህን አውጣና የድሮ ፎቶዎቿን በተርታ እይ። ከሁለት ከሦስት ወሯ ጀምሮ ዘንበል ያለች ከሆነ ነገሩ ከጡንቻው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ደህና ነበረችና በቅርብ ከጀመራት ግን ሐኪሙ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት፤ ያንን አታዘግየው። ሁለተኛ ዓይኗን። አንዳንድ ልጅ አንገቱ ምንም ሳይሆን ሁለት ሁለት ሆኖ እንዳይታየው ብሎ ጭንቅላቱን ያጋድላል። ስትጫወት አንድ ዓይኗን በእጅህ ሸፍንላት፣ ከዚያ ሌላውን። ሲሸፈን አንገቷ ቀጥ ካለ፣ ወይም እንቅልፍ ሲወስዳት ጭንቅላቷ ያለችግር ወደ ሁለቱም ጎን የሚዞር ከሆነ፣ የዓይን ሐኪም ያስፈልጋታል። ይህ የቤት ሙከራ ነው፣ ምርመራን አይተካም፣ ግን ለሐኪሙ ብትነግረው ጊዜ ትቆጥባለህ።

ጡንቻው ከሆነ ደግሞ ኦፕራሲዮን የመጀመሪያው በር አይደለም። በቅጡ የተሠራ ቢያንስ የስድስት ወር ፊዚዮቴራፒ ሳይሞከር ማንም ደህና ሐኪም አይቆርጣትም። በዚህ ዕድሜ ሥራው ከሕፃን ይከብዳል፣ ተኚልኝ ብትላት አትተኛም። ስለዚህ በጨዋታ ነው። ትከሻህ ላይ አውጥተሃት ወደ ግራ ጎንበስ ስትል እንዳትወድቅ ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ ታቀናለች (እግሮቿን አጥብቀህ ያዝ)። የምትወደውን ነገር በግራዋ በኩል ከኋላዋ ደብቅና ዞራ እንድትፈልገው አድርግ። የግራው ጡንቻ ሲያጥር ፊት ወደ ቀኝ ይዞራልና ወደ ግራ መዞሩ ነው የሚጠቅማት።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ካልተለቀቀ ያኔ ኦፕራሲዮን ይነሳል። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳም ሆነ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የልጆች አጥንት ሐኪሞች አሉ። ያጠረውን ጡንቻ ቆርጠው ይለቁታል። ቤተሰብ የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው፤ ተቆረጠ፣ አለቀ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ለወራት ፊዚዮቴራፒ ካልተሠራ ጠባሳው መልሶ ይይዛታል። የመመላለሻውንና የማረፊያውን ወጪ ስታሰላ ያንንም አብረህ አስላ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ አያት ነኝ፣ ደሴ። የልጅ ልጄ አንገቱ ታሞ ሕክምና ላይ ነው፣ ሦስት ወሩ ነው። እናቱ አንቀልባውን ደበቀችብኝ፣ ማዘል ክልክል ነው አለች። ስንት ልጅ አዝዬ አሳድጌ! እውነት ነው?

መልስ፦ እማማ፣ ለጊዜው ልጅዎ እውነት አላት። አንገቱን ገና አልቻለምና ጭንቅላቱ በጀርባዎ ላይ ሲንጠለጠል እርስዎ አያዩትም። እስከዚያ ከፊት ለፊት ደረትዎ ላይ ይቀፉት። አንገቱን በደንብ ሲችል፣ ሐኪሙም ይሁን ሲል፣ አንቀልባውን ይጠይቋት። እግሮቹ ተከፍተው ወገብዎን ሲያቅፉ ለዳሌውም ደግ ነው፤ እግሩን አጥብቆ ቀጥ አድርጎ መጠቅለሉ ነው የሚጎዳው።

አንድ ነገር ብቻ። ሲያዝሉት ሁልጊዜ በሚወደው ጉንጩ ነው ጀርባዎ ላይ የሚለጠፈው። እናቱ የታሰረው በየትኛው በኩል እንደሆነ ታሳይዎት፣ ከዚያ እሱ ወደሚጠላው ጎን ፊቱን አዙራ ታስተካክልልዎት። መልሶ ይዞርብዎታል፣ አይናደዱ፣ እንደገና ያዙሩት። እስከዚያው ስሙን እየጠሩ የሚያጫውቱት በዚያው በሚጠላው ጎን ተቀምጠው ይሁን፤ ድምፅዎን ሰምቶ እርስዎን ለማየት ሲል ይዞራል።